የኮልፌው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ ኮልፌ ማዞሪያው አጠገብ የእህል መደብር ነበረኝ። መደብሩ ከአንድ መጠጥ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። እኔ አልጠጣም፤ ጠጪ የሚያወራውን ግን ወደድኩም ጠላሁም ስሰማ እውላለሁ። ሰዎቹ ሞቅ ሲላቸው ወሬው ከኳስ ይጀምርና ወደ ቡጢ ያልፋል፤ ከቡጢ ደግሞ መጨረሻው እሱ ጋ ነው።

«እሱ ደግሞ ምኑ ነው ሻምፒዮን» ይላል አንዱ። «ማንን ዘርሮ ያውቃል?»

እውነቱን ለመናገር የሚሉት ውሸት አልነበረም። ሰውየው የሠራዊቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ ዓመታት ቆይቷል፤ በነዚያ ዓመታት ግን አንድም ተጋጣሚ በዝረራ አልጣለም። በዚያ ሚዛን የሚወዳደር ሰው እንደ ልብ ስለማይገኝ አንዳንዱን ውድድር ያሸነፈው በፎርፌ ነው፤ ተጋጣሚው ሳይመጣ ይቀራል፣ ዳኛው የሱን እጅ ያነሣል፣ እሱም ላብ ሳይነካው ልብሱን ለብሶ ወደ ቤቱ ይመጣል። ሲጋጠም ደግሞ ያቅፋል። ደወል እስኪደወል ሰው ላይ ተለጥፎ ይቆማል። ሄጄ አይቼዋለሁ፤ አንዴ እንዲያውም እንቅልፍ ወስዶኛል።

ሃምሳ አለቃ ነበር። ከመደብሬ ጀርባ ባለው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይቶ ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ትከሻው ሰፊ፣ ሆዱ ወደ ፊት የወጣ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሰፈሩ በሆዳምነቱ ያውቀዋል። ሚስቱ ውሃ ልትቀዳ ቦኖ ስትሄድ ሴቶቹ «ሻምፒዮኑ ዛሬ ስንት እንጀራ ጨረሰ?» እያሉ ይቀልዱባታል። አብራቸው ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ፊቷ ሌላ ነበር።

እኔ የማውቀውን እነሱ አያውቁም። ኩንታል የምመዝንበት የወለል ሚዛን አለኝ። ሃምሳ አለቃው አመሻሽ ላይ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ይመጣና ጫማውን አውልቆ ይወጣበታል። በከባድ ሚዛን ለመወዳደር ሰማንያ አንድ ኪሎ ማለፍ ነበረበት። ተፈጥሮው ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል። በትክክለኛ ሚዛኑ የጦር ክፍሉ ከሱ የሚሻል ቡጢኛ ነበረው፤ ከባድ ሚዛኑ ደግሞ ሰው አልነበረውም። ስለዚህ አሠልጣኙ ብላና ሙላ አለው። በላ፤ ሞላ። ያ ሰፈር የሚስቅበት ሆድ የታዘዘ ሆድ ነበር። የሚገጥማቸው ሰዎች በተፈጥሯቸው ከባድ ናቸውና ቢያቅፋቸው አይፈረድበትም፤ ራቅ ብሎ ቢቆም ይሰብሩት ነበር። ተጋጣሚዎቹ ይህን ካወቁ ስለሚያልቅለት ለማንም እንዳልናገር ለምኖኛል።

እንዲህ ያለ ሰው የሚገባውን ምስጋና አላገኘም ብዬ አስብ ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ግን ለመጻፍ አልቀመጥም ነበር።

በቡጢ ቡድኑ ውስጥ ያለ ወታደር አዲስ አበባ ይቆያል። ቦታውን ያጣ ወደ ጠረፍ ይላካል። ያን ዓመት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች ሳይወለዱ ጠፍተውባታል፤ በከተማው ደግሞ ከሱ በቀር ዘመድ የላትም። ስለዚህ የዓመቱን ውድድር ማሸነፍ ማለት ስትወልድ አጠገቧ መሆን ማለት ነበር። በዚያው ላይ ሃምሳ አለቃው ማንንም ሳያማክር ስለት ተሳለ። ይህ ልጅ በሕይወት እንዲወለድልኝ ሁዳዴን አንድም ቀን ሳላጎድል እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ አለ። ውድድሩ የተቆረጠው ሁዳዴ መሐል ላይ ነበር።

እኛ ቤት ጾም የሚባል ነገር የለም። አባቴ ከከፋ ሲመጣ ወንጌል ይዞ ነው የመጣው፤ ጎረቤቱም በዚህ የተነሳ ጴንጤ እያለ ይጠራናል። ስለዚህ ነገሩን የማየው ከውጭ ነበር። ሥጋና ወተት ሲቀር ኪሎው መውረድ ጀመረ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽምብራውን፣ በሶውን፣ ተልባውን እስኪያመው ይበላል፤ ሲመሽ ሚዛኑ ላይ ይቆማል፤ እኔ ቁጥሩን እነግረዋለሁ፤ እሱ ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል።

«የነፍስ አባትህን ጠይቅ እንጂ» አልኩት። «ወታደር አይደለህ እንዴ?»

«ጠይቄያቸዋለሁ ጋሼ። ጾሙን እፈታልሃለሁ አሉኝ። ስለቱን ግን እኔ አላሰርኩትም፣ እንዴት እፈታዋለሁ አሉ።»

ክብደት የሚለካው ዓርብ ጠዋት ነበር። ቅዳሜ ቢሆን ችግር አልነበረም፤ በሁዳዴም ቢሆን ቅዳሜ ጠዋት ይበላል። ይህን ለአሠልጣኙ ንገረው ስለው፣ ሠራዊት ለአንድ ሰው ጾም ቀን አይለውጥም ብሎኝ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም።

ዓርብ ማለዳ መደብሬን ስከፍት ሁለቱም ደጃፌ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በአንድ እጇ ጣሳ ይዛለች። እሱ ሚዛኑ ላይ ወጣ። መርፌው ሰማንያ አንድ ሳይደርስ ቆመ። የጎደለው ትንሽ ነው፤ አንድ ሁለት ጣሳ ውሃ ይሞላዋል። ሦስታችንም ይህን አወቅን፤ መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ጠጣ።»

«ስለቴን?»

«ማን ተሳል አለህ? ሆዱ የኔ ነው፤ ልጁም እኔ ጋ ነው ያለው። እኔ ስለት አልፈልግም፣ አንተን ነው የምፈልገው። ጠረፍ ሄደህ ልጅህን በደብዳቤ ልትሰማ ነው?»

ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምን ልበል? ውሃ ሰውን ከፈጣሪው የሚያጣላበት ምክንያት አይገባኝም፤ ግን ፊቱን ሳይ የማይገባኝን ነገር ማቃለል አሳፈረኝ። እሷ ጣሳውን አፉ ላይ አደረገችለት፤ ጠጣ። ደግማ ሞላችለት፤ ያንንም ጠጣ። ቁጥሩ ሞላ። እያለቀሰ ወረደ፤ ጫማውንም እሷ አሠረችለት።

ቅዳሜ የነበረው ግጥሚያ ካየኋቸው ሁሉ አስቀያሚው ነበር። ሦስቱን ዙር አቅፎ ጨረሰ። ዳኞቹ በነጥብ ለሱ ሲሰጡት ተመልካቹ አፏጨበት፤ ከኋላዬ የነበረው ሰው ደግሞ ቲኬቱን ቀዶ ጣለ። ከተማው ውስጥ ቀረ። ጾሙን ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጎደለም፤ ያቺን ዓርብ ግን እንዳጎደላት ያውቃል።

ምጧ ሰኔ ላይ ከቀኑ ቀድሞ መጣ። ጠራራው ጠፍቶ ዝናብ የሚወርድበት እኩለ ቀን ነበር። ወደኛ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ስለሆነ ሰይቼንቶ የሚባሉትን ትንንሽ ታክሲዎች የሚነዱት አንወጣም አሉ። ሃምሳ አለቃው ሚስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አቀፋትና እስከ ጦር ኃይሎች አስፋልት ድረስ ሮጠ። እኔ ባዶ እጄን ከኋላው እየተከተልኩ ልደርስበት አልቻልኩም። ያን ቀን ጉልበቱን አየሁ። ከዚያ በመኪና ሆስፒታል አደረስናት፤ ሐኪሙ ጥቂት ብትዘገዩ እሷም ታልፍ ነበር አለን። ልጁ ወንድ ነበር፤ ሞቶ ነው የተወለደው።

ሃምሳ አለቃው ከዚያ ወዲያ ጓንት አላጠለቀም። ቡድኑን ለቀቀ፤ ጠረፍ ላኩኝ ብሎ ማመልከቻ ያስገባውም ራሱ ነው። ማዞሪያው ላይ ሻምፒዮኑ ፈርቶ ሸሸ ተባለ። በዚህ ጊዜ ግድግዳውን አልፌ ገብቼ፣ ያንን ሁሉ ጠጪ አንድ በአንድ ብሰድበው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ምስጢሩ የኔ አልነበረም፤ ተናደድኩ፣ ቀረሁ።

እሷ እዚያችው ክፍል ቀረች። አንድ ቀን ጤፍ ልትሸምት መጥታ፣ ስሰፍርላት ስለሱ ጠየቅኳት።

«ደህና ነው» አለች። «ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ እያለ ይጽፋል። በውሃው ምክንያት ነው ይላል።»

ጤፉን መስፈሬን ቀጠልኩ።

«እኔስ ጋሼ?» አለች። «ያን ውሃ ጠጥቶ እዚህ ባይቀር እኔ የት ነበርኩ? አንቺንስ ማን አተረፈሽ ብሎ አንድ ቀን ጽፎልኝ አያውቅም።»