እግሩን ሳይዝ ወደቀ

ልጄ ሲወድቅ እግሩን አልያዘም። ክፉ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ቡሬ፣ ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ልጄ አጥቂ ነው፤ እንጀራው ኳስ ነው። በየዓመቱ ክለብ ይቀያይራል። ክረምት ገብቶ ውድድሩ ሲዘጋ ወደኔ ይመጣል፤ ያኔ የሰፈር ልጆች ለምነው ከጎረቤት ከተማ ከሽንዲ ልጆች ጋር ያጫውቱታል። መውደቅም ከሥራው አንዱ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሪጎሬ ሲፈልግ እግሩን ይዞ ይንከባለላል፤ ባንድ ዓይኑ ዳኛውን ያያል። እኔም ስቄበት አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ኳሷን በራሱ ሊመታ ሲዘል የበረኛው ጉልበት ጭንቅላቱን አገኘው። እጆቹ እንደተዘረጉ ጭቃው ላይ ቀረ።

«ተነሥ! እዚህ ካሜራ የለም!» አለ አንዱ።

«ዳኛው ሪጎሬ ከሚሰጥህ ልጁን ቢድርልህ ይቀለዋል!» ሜዳው ሳቀ።

ኋላ ተነሣ፤ ጨዋታውንም ጨረሰ። እቤት ገብቶ «እማዬ፣ ስንት ለስንት አለቀ?» አለኝ። «አሸነፋችሁ» አልሁት። ጫማውን ሳያወልቅ ያንኑ መልሶ ጠየቀኝ። ከዚያ አስመለሰው። «ልተኛ» አለ።

«አትተኛም!» አልሁት። አብሮት ይጫወት የነበረ ልጅ ራሱን ተመትቶ ተኝቶ በዚያው ቀረ ብሎ በስልክ ያለቀሰልኝ እሱ ራሱ ነው።

የንስሐ አባታችን ሰምተው መጡ። «ተይው ይተኛ፣ ልጄ፤ ድካም ነው። ነገ ጸበል ይጠመቃል።»

«አባ፣ ይባርኩልኝ እንጂ አያስተኙብኝ። ጸበሉም ይደርሳል፤ አሁን ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እወስደዋለሁ።»

እሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው አንድ ክንዱን ያዙልኝ። መናኸሪያ አደረስነው።

ሚኒባሱ አልሞላም። ሹፌሩ ልጄን ሲያይ ፈገግ አለ። «አጥቂያችን! ዛሬም እያስመሰልህ ነው?»

«አስመስሎ ከሆነ ስንደርስ እኔን ትሰድበኛለህ። አሁን ንዳ!»

ፊቴን አየና ሞተሩን አስነሣ።

እንዳይተኛብኝ እጠይቀው ጀመር። እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍሁም፤ አገር የማውቀው እሱ በተጫወተባቸው ከተሞች ነው።

«ከደሴ ወዴት ሄድህ?»

«ነቀምቴ።»

«እዚያስ ምን አገኘህ?»

«ዝናብና የተቀያሪ ወንበር።» ከኋላ ያሉት ሳቁ።

«ሐዋሳስ?»

«አገባሁ... ጎል ነው ያልሁሽ፣ ሚስት አይደለም። ኋላ አሰልጣኙ ተባረረ። አዲሱ የራሱን አጥቂ ይዞ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ከዚያ...» አለ። ድሬዳዋ ነበር። ሙቀቱ ታኬታዬን አቀለጠው ብሎ የደወለልኝ፣ ጉልበቱን የታመመው፣ ውሉ ሳይታደስ የተመለሰው ከድሬዳዋ ነው። እንዴት ይረሳታል?

«እማዬ፣ ስንት ለስንት አለቀ?» አለና ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

እንደ ሕፃን ጆሮውን ቆነጠጥሁት። «አላለቀም!» ብዬ ጮህሁ። «ገና ነው! ዓይንህን ግለጥ!» አንዲት ተሳፋሪ ውኃ ሰጠችኝ፤ ፊቱን እያጠብሁ፣ እየቆነጠጥሁ፣ ማርያምን እየጠራሁ ደረስን። ሹፌሩ ራሱ አዝሎት ገባ።

በማግሥቱ ሐኪሟ ጠራችኝ። «አንጎሉ ተናውጧል፤ የፈሰሰ ደም ግን የለም። ይድናል። ደግ አድርገሽ ነው ያመጣሽው።»

ወዲያው መቀነቴ ውስጥ ያኖርሁት የልጄ ስልክ ጮኸ። ለመጪው ዓመት ሊፈርምለት የነበረ ክለብ ሰው ነው።

«ልምምድ ጀምረናል፣ እናቴ። መቼ ይመጣል?»

«ሐኪሟ ስትለቀው።»

«እንግዲያው ሌላ አጥቂ መፈለጋችን ነው።»

«ፈልጉ። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም።»

ስልኩን ዘጋሁና አልጋው አጠገብ ተቀመጥሁ። ልጄ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። ተርፏል። ደኅና ነን።