ከበሮዬ ፊት ያጎነበሱ ለት

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ሉማሜ አጠገብ አንድ ሰርግ ላይ ነበር። ከበሮ መቺዋ ስለታመመች እኔን አቆሙኝ። ዘፈኑን የምታወርደው ሴትዮ ማንገቻውን አንገቴ ላይ አጥልቃ፣ "ዓይንሽን ከአፌ እንዳትነቅዪ፤ እኔ ስፈጥን ትፈጥኛለሽ፣ ስበርድ ትበርጃለሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሰርግ ከበሮ አንግቤ ከደብረ ወርቅ ደብረ ማርቆስ ስዞር ኖርሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት በእጄ ነው።

ካረጀሁ በኋላ ህሊና የምትባል የደብረ ማርቆስ ልጅ መጣችብኝ። አዲስ አበባ ዳንስ ተምራ ተመልሳለች። አንድ አዳራሽ ይዛ፣ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሆን የምዕራብ አፍሪካና የዘመናዊ ዳንስ ሥልጠና ልትከፍት ነው። ከሴኔጋል ከሚመጣው አሠልጣኝ ጎን የአገር ከበሮ የሚመታ ሰው ፈለገች። እሺ አልኋት፤ ልቤ ግን እሺ አላለም።

አሠልጣኙ ማማዱ ይባላል። ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከበሮው ዋንጫ ይመስላል፤ ባንድ ወገን ቆዳ ለብሷል፣ በሌላው ወገን ክፍት ነው። መጀመሪያ ቀን ሰውየው ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ ገልብጬ ውስጡን አየሁት። ክታብ ይኖራል ብዬ ነው። እንጨትና አቧራ ብቻ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ለህሊና በፈረንጅ አፍ አንድ ነገር ነገራት።

"ምን አለ?" አልኋት።

"የእኔስ ክፍት ነው፣ እንዳሻቸው ይዩት። የእሳቸው ግን በሁለቱም በኩል ተለጉሟል፤ ውስጡ ያለውን ማን ያውቃል? ነው የሚለው" አለችኝ እየሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሥራው ራሱ አይከብድም። ማማዱ ይጀምራል፣ እኔ አዳምጬ ከሥር እገባለሁ። የእኛ እስክስታ ትከሻ ላይ ነው፤ የእነሱ ከጉልበትና ከወገብ ይነሣል። የከበሮዬ ቆዳ ሲላላ ፀሐይ ላይ አወጣዋለሁ፣ እሱ የራሱን በገመድ ይወጥራል። ከዚያ የህሊና ተራ ይመጣል፣ ዘመናዊ የምትለው። ከበሮ ዝም ይላል፤ ልጆቹ ወለሉ ላይ ተዘርረው ይተነፍሳሉ፣ ቀስ ብለው ይንከባለላሉ።

"ምን ሆነው ነው?" ብዬ ጠየቅሁ።

"ክብደታቸውን ለመሬቱ እየሰጡ ነው፣ እማማ ጥሩዬ።"

ይህም አላማረኝም። እኔ ሰው መሬት ላይ ሲንከባለል ያየሁት ጠበል ቦታ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀን ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ብዬ ከትምህርቱ መዝጊያ በፊት ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ቆየሁ። ማማዱ የመዝጊያውን ምት መታ። ልጆቹ ተሰልፈው መጡና ፊቴ አጎነበሱ፤ መሬቱን በመዳፋቸው ነኩ፣ ደረታቸውን ነኩ። እኔ በርጩማ ላይ ነኝ፤ ከበሮዬ ጭኔ ላይ ቆሞ እስከ አገጬ ሸፍኖኛል።

በሩ ላይ ስንዱ ቆማለች። ትንሿ ልጇ እዚያ ትማራለች፤ በሚመጣው ሳምንት ለምትድረው ለትልቋ ልጇ ሰርግ ደግሞ ከበሮ መቺ አድርጋ እኔን ይዛለች።

"እማማ ጥሩዬ፣ ለከበሮ መስገድ መቼ ተጀመረ?" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ይህ ከበሮ በልጄ ሰርግ ቤቴ አይገባም።"

ስግደት ለማን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ወሬው ገበያ ከደረሰ ለሰርግ የሚጠራኝ አይኖርም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም። ከበሮዬን አንግቤ ወጣሁ።

ባጃጅ ስጠብቅ ህሊና ደረሰችብኝ። በእነሱ አገር ትምህርቱ ሲያልቅ ምስጋና የሚቀርበው እንዲያ ነው አለችኝ።

"ማን ነው የሚመሰገነው? እኔ ነኝ ወይስ ከበሮው?" አልኋት።

እሷም አላወቀችውም፤ ጠይቃም አታውቅም። እንግዲያው ተመልሰን እንጠይቀው አልኋት።

ማማዱ ነገሩን ሲሰማ ገረመው። የሚመሰገነው መቺው ነው፣ ከበሮማ ቆዳና እንጨት ነው አለ። ሙሉ በሙሉ አላመንሁትም። ሆኖም ከበሩ ላይ ለቆመ ሰው የሚታየው ከበሮው እንጂ እኔ እንዳልነበርሁ ገባኝ። ምስጋናው ለእኔ ከሆነ በአገሬ ወግ ይሁንልኝ አልሁት። ተስማማ።

በማግስቱ መዝጊያው ሲደርስ ከበሮዬን ግድግዳ አስደግፌ ባዶ እጄን ተቀመጥሁ። ልጆቹ አንድ ባንድ እየመጡ ጉልበቴን ሳሙ። "እደጉ፣ እደጉ" አልኋቸው። መጨረሻ ላይ ማማዱም ተሰልፎ ኖሮ፣ ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። እኔም "አንተም እደግ" አልሁት። ከዚህ በላይ ወዴት ያድጋል ብለው ልጆቹ ሳቁ።

ስንዱ በሩ ላይ ሆና እስከ መጨረሻው አየች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። ልጇን ጫማሽን አድርጊ አለቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"ሰርጉ ቅዳሜ ነው። ዓርብ ይድረሱልን" አለችኝ።

አሁን ሥራ ሲመጣልኝ፣ እሺ ከማለቴ በፊት መጨረሻው ላይ ምን እንደሚደረግ እጠይቃለሁ። ካልገባኝ ደግሜ እጠይቃለሁ። ይህን ሙያ የያዛችሁ ልጆች፣ እናንተም ጠይቁ።