ከጎሊና አራተኛ መሻገሪያ አልተመለስኩም

ባለፈው ዓመት ጥቅምት በዚሁ የቡድናችን ገጽ ላይ «አቶ ሰይድ አራተኛው መሻገሪያ ላይ ሲደርሱ ውሃ ፈርተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ» ተብሎ ተጽፎብኛል። ውሸት ነው። የጻፈው መምህር ደምሴ ነው። የእግር ጉዞ ቡድናችን መሪ ነው፤ በማታ ትምህርት ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ማንበብ የቻልኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከላይ እስከ ታች ራሴ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይኸው ሆነ። የሳትኩት ፊደል ይኖር ይሆን ብዬ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አልሳትኩም። አንቱ እያለ ነው የሰደበኝ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱንም ሰላምታውንም ተውኩ። ቆቦ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። የእንጨት መወጣጫ ላይ ቆሜ ግንብ ስሠራ፣ በታች የሚያልፈው ሁሉ ውሃ ፈሷል ጋሽ ሰይድ፣ እንዳይወርዱ ይለኛል። ዘንድሮ ጉዞው ሲደርስ የቡድናችን ነርስ ሃዋ ቤቴ ድረስ መጣችና፣ ብቀር ወሬው እውነት ሆኖ እንደሚቀር ነገረችኝ። ስለዚህ ሄድኩ። ለአየሩ አይደለም የሄድኩት። ያችን መሻገሪያ ሰው እያየኝ ልሻገር ነው።

እሑድ ጥቅምት 16፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ቆቦ

መነኻሪያው በር ላይ አሥራ አራት ሆነን ቆመናል። ግማሹ አዲስ ስፖርት ጫማ ገዝቷል፤ እኔ ሲሚንቶ የበላውን ቡትስ አድርጌያለሁ። መምህር ደምሴ በባትሪ ብርሃን ስም ይጠራል። የኔን ሲጠራ «አለሁ» አልኩ። በዓመት ውስጥ ለሱ ያልኩት ይህችን ብቻ ነው።

የሚኒባሱ ሾፌር ወንዝ ለወንዝ በእግራችን ልንውል መሆኑን ሲሰማ ምን ጠፍቶባችሁ ነው አለ። ሃዋ ምንም አልጠፋብንም አለችው። ሰውየው እስከ ሮቢት ድረስ በመስታወት እያየን ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እኔም በሱ ቦታ ብሆን እነቀንቅ ነበር።

1 ሰዓት፣ የጎሊና ወንዝ ድልድይ

ፀሐይዋ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ስትል ወረድን። የራያ ሜዳ በዚህ ወር ሌላ ነው። ማሽላው በግራም በቀኝም ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ራሱን ደፍቷል፤ በየማማው ላይ ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፍ ያጮሃሉ። አራት ግመሎች ጨው ይሁን ሌላ ምን እንደሆነ ያልለየሁት ጭነት ይዘው አስፋልቱን እንደ ባለቤት ያቋርጣሉ። ሚኒባሱ ቆሞ ጠበቃቸው።

ዱካው ወንዙን ይዞ ሽቅብ፣ ወደ ምዕራቡ ተራራ ይሄዳል። ጥቂት እንደተራመድን ሜዳው አልቆ ጫካው ዋጠን። ሾላው፣ ግራሩ፣ ቁርቁራው ከሁለቱም ዳር ተቃቅፎ ጣራ ሠርቷል። ጦጣዎቹ ሾላ እየበሉ ፍሬውን ራሳችን ላይ ይጥላሉ፤ አንዱ አብሮን በሚጓዘው የባንክ ሠራተኛ አዲስ ቆብ ላይ ሌላም ነገር ጣለበት። ከልቤ ሳቅኩ።

ክረምት ጎርፉ ያመጣው ጭራሮ የሾላው ቅርንጫፍ ላይ እንደተሰቀለ ነው። እጄን ዘርግቼ አልደረስኩበትም። አሁን እዚህ ጋ ውሃው ጉልበት አይሞላም፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ቢሆንም ያን ጭራሮ አይቶ ወንዝ የሚንቅ ሰው ሞኝ ነው።

3 ሰዓት ከሩብ፣ ከሦስተኛው መሻገሪያ ማዶ

የመጀመሪያው ቁርጭምጭሚት፣ ሁለተኛው ባት፣ ሦስተኛው ጉልበት ነው። በየአንዳንዱ ላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል ብያለሁ። ያንሸራትታል። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ክብ ድንጋይ ላይ ግንብም ሰውም አይቆምም። እነሱ ግን እየተያዩ ፈገግ ይላሉ።

ቁጭ ብለን ቁርስ በላን። የባቄላና የስንዴ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ቲማቲም። እስላምም ክርስቲያንም ከአንድ ፌስታል የሚበላው ነው ተብሎ ሃዋ የመረጠችው ነው፤ ንፍሮው ጨው በዝቶበታል። መምህር ደምሴ ውሃ አቀበለኝ። ተቀበልኩት፤ አላመሰገንኩትም።

5 ሰዓት፣ አራተኛው መሻገሪያ

እዚህ ላይ ያምናውን ልናገር። የዚያን ቀን እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ሌሎቹ ተሻግረው ጫካው ሲሸፍናቸው ከታች በኩል አንዲት ሴት የሰው ያለህ ብላ ጮኸች። አህያዋ ጎርፍ በተወው ማጥ ውስጥ እስከ ሆዷ ገብታለች። እነሱ በውሃው ድምፅ አልሰሙም፤ እኔ ሰማሁ። የሰው ያለህ የተባለ ሰው ትቶ አይሄድም። አህያዋን ጎትቼ አልወጣ ስትለኝ ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቅሜ እግሯ ሥር አንድ በአንድ እየሰደርኩ ደረጃ ሠራሁላት። በሠራሁት ላይ ረግጣ ወጣች። ከዚያ የሴትዮዋ ቤት ማዶ ስለሆነ አብሬ ተሻገርኩ። ቡድኑ ርቆ ስለነበር ከሷ ሰፈር በአቋራጭ ወደ አስፋልቱ ወርጄ ቤቴ ገባሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ዘንድሮ ሁሉም ማዶ ተሰልፈው እያዩኝ ገባሁ። አንዱ ስልኩን ደግኗል። ውሃው ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ አለ። ዱላዬን እየተከልኩ፣ ቀጥ ብዬ፣ ማዶ ማዶውን እያየሁ ተሻገርኩ። አጨበጨቡልኝ። ለሕፃን እንደሚጨበጨበው ነው ያጨበጨቡልኝ፤ ንዴቴ ባሰ።

ያኔ ዳር ካለው የማሽላ ማሳ መሃል፣ ከማማ ላይ፣ «ያ ተሳዳቢው ግንበኛ መጣ» የሚል ድምፅ ተሰማ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ የአህያዋ ባለቤት። ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ወረዱና አሰላሙ አለይኩም ብለው ሁላችንንም በየተራ ሳሙን። ሃዋ ከየት እንደሚያውቁኝ ጠየቀቻቸው። ይህን ጊዜ መናገር ጀመሩ። ድንጋዩን፣ ደረጃውን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መልፋቴን፣ ሸሚዜ ተቀዶ የባላቸውን ሸሚዝ ለብሼ መሄዴን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ነገሯቸው። ስድቤንም አልረሱ። አህያዋን፣ ወንዙን፣ ጥለውኝ የሄዱትን፣ በተለይ አንድ መምህር የሚባል ሰው መስደቤን ተናገሩ።

ሁሉም ዞረው መምህር ደምሴን አዩት። እኔ በዓመት ውስጥ ያችን ደቂቃ ያህል አልተደሰትኩም። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር።

«ሲሻገር ግን» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ «የአህያዋን ጭራ በሁለት እጁ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው። በወሎ ምድር አድኑኝ እያለ ያልጠራው ወሊ የለም።»

የባንክ ሠራተኛው ሣር ላይ ተንከባለለ። ሃዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እውነት ነው፤ ውሃ እፈራለሁ። ዋና አልችልም። የተመለስኩ ግን አይደለሁም።

መምህር ደምሴ አልሳቀም። አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ።

«ጋሽ ሰይድ፣ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ ሳትጽፍ በፊት ለምን አልጠየቅከኝም?»

ማታ ሲቆጥር አንድ ሰው እንደጎደለው፣ በሦስቱም መሻገሪያ ሳማርር ስለሰማ ፈርቶ ተመልሷል ብሎ እንደደመደመ ነገረኝ። ማማረሬ እውነት ነው። ተነስቶ ትከሻዬን ስሞ ይቅርታ ሊል ሲል ከለከልኩት።

«በአፍህ አይደለም የሰደብከኝ፣ በጽሑፍ ነው» አልኩት። «በጽሑፍ አርመው።»

«እሽ።»

«ፍርሃቱም ይጻፍ» አሉ እትዬ ዘይነባ። «እውነት ከሆነ ሙሉውን ነው።»

ሴትየዋ ማሽላቸው ውስጥ ገብተው የአንድ ሰው ሸክም ጥንቅሽ ቆርጠው አመጡልን። በጥርሳችን እየላጥን፣ ውሃው በአገጫችን እየወረደ መጠጥን። የራያን ጥንቅሽ ያልቀመሰ ሰው ስኳርን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። አህያዋንም አሳዩኝ። አላወቀችኝም።

8 ሰዓት፣ ከገደሉ ሥር

ወንዙ ከሁለት ገደል መሃል ወርዶ አረንጓዴ ኩሬ ይሠራል። ጉዞው የሚያልቀው እዚህ ነው። ዋና የሚችሉት ገቡ፤ እኔ እግሬን ብቻ ነከርኩ፤ የሳቀብኝም የለም። የባንክ ሠራተኛው ቆቡን አጥቦ ግራር ላይ ሰቀለ። መምህር ደምሴ አጠገቤ ተጋድሞ በማታው ክፍል አሁን ማካፈል ላይ እንደደረሱ እንዲሁ በወሬ መሃል ጣል አደረገ። መቀነስንስ ማን ጨረሰ አልኩት።

በመልሱ አራተኛው ላይ ስንደርስ ቀድሞ ገብቶ እጁን ዘረጋልኝ። ያዝኩት። ውሃ መሃል ኩራት የለም።

12 ሰዓት ተኩል፣ ቆቦ

ሚኒባሱ ውስጥ ግማሹ ተኝቷል፤ ሌላው ጥንቅሽ ያኝካል። ወለሉ በልጣጭ ስለተሞላ ሾፌሩ ተቆጣ፤ ሃዋ ለሱም አንድ ሰጠችውና ዝም አለ። መነኻሪያው ላይ ስንወርድ ቡትሴ ውስጥ የጎሊና ውሃ ገና ይንቦጫረቅ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ መምህር ደምሴ ማረሚያውን ገጹ ላይ ሳያወጣው በፊት ወደምሠራበት ግንብ ይዞት መጣ። ላንብብልዎ አላለኝም፤ ወረቀቱን ሰጠኝ። ከመወጣጫው ወርጄ፣ እጄን ጠርጌ አነበብኩ፦ «ባለፈው ዓመት ስለ አቶ ሰይድ የጻፍኩት ስህተት ነው። ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት። አቶ ሰይድ ማጥ የያዛትን አህያ አውጥተው አራተኛውን መሻገሪያ ተሻግረዋል እንጂ አልተመለሱም። ሲሻገሩ ትንሽ ፈርተው ነበር።»

እስክሪብቶ ተቀበልኩትና «ትንሽ» የምትለዋን ሰረዝኩ። በዚያው ማታ ወጣ፤ ረቡዕ፣ ጥቅምት 19 ቀን።