ድንጋይ የማያስቀምጡት ሽማግሌ

ያኔ ነቀምቴ ገበያ ስንነግድ፣ ለሚመጣው ቅዳሜ ቦታችን እንዳይያዝ ድንጋይ አስቀምጠን ነበር የምንሄደው። አንድ ኮረሪማ ሻጭ ሽማግሌ ግን አያስቀምጡም። ቁልፍ የሌለው ካኪ ኮታቸውን ደርበው ይመጣሉ፤ ቦታቸውን ሌላ ሰው ይዞት ያገኙታል፤ ዳር ወጥተው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ።

«አባኮ፣ ድንጋይ እንኳ አጡ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

«ድንጋይስ ጠግቤያለሁ፣ ልጄ» አሉኝ፣ ዋጋ እንደሚነግር ሰው። «ንጉሡና እንግሊዝ የሱዳንን ወሰን ከተዋዋሉ በኋላ፣ ለምልክቱ ድንጋይ ተሸክሜ የከመርኩ እኔ ነኝ። እህቴ ወዲያ ማዶ ቀረች።»



አንጀቴን በሉትና ለሚመጣው ቅዳሜ ከጎኔ ድንጋይ አኖርኩላቸው። መጥተው አጠገቡ ቆሙ። እኔው እስካነሳው ድረስ ኮረሪማቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም።