መልስ ሳይሰማ የማይፈታው ኦታሲሊዮ

ኦታሲሊዮ ብራንዳን በካምፒናስ ከተማ ባቡር ጣቢያ ሃያ ስድስት ዓመት ፉርጎ ሲቀጥልና ሲፈታ የኖረ ሰው ነው። እኔ እዚያው ፍሬን እጠግን ነበር። የባቡሩ አገልግሎት ሲቋረጥ እሱ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ እኔ ከዓመት በኋላ፣ ኮምፒውተር ከመጽሐፍ ተማርን። አስተማሪ አልነበረንም። ዛሬ በአንድ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሠራለን። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ስልክ እንኳ ወዲያ ያለው ሰው ካልተሰናበተው አይዘጋም።

በአንድ ትልቅ ማሽን ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ይኖራሉ፤ እንግዳ እንላቸዋለን። የእኛ ሥራ እንግዳው ሳይጠፋ ሜሞሪ መጨመርና ሲያስፈልግ መልሶ መውሰድ ነው። መጨመሩ ቀላል ነው። ለመውሰድ ግን ፈርምዌሩ፣ ከእንግዳው ሥር ያለው ትንሽ ፕሮግራም፣ የእንግዳውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም «ልቀቅ» ብሎ መልሱን መጠበቅ አለበት። ይህን የጻፈው ኦታሲሊዮ ነው።

የደም ባንክ ሰዎች ሥራችንን አይተው ለመግዛት ሊወስኑ ሲሉ፣ ወጣቷ አለቃችን ታይስ አንድ መስመር ጨመረችበት፤ መልስ ሳይመጣ አሥር ሰከንድ ካለፈ ሜሞሪው በግድ ይነቀል።

«ሴኡ ኦታሲሊዮ፣ ደንበኛ ፊት አፍጥጠን ልንቆም ነው?» አለችው፤ «ሴኡ» እንደ «ጋሽ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«እንቁም። ጣቢያ ላይ ወዲያ ጫፍ ያለው ሰው እጁን ካላነሳልኝ ፉርጎ አልፈታም ነበር። ጣቶቼ አሥሩም አሉ፣ ቁጠሪያቸው።»

«ይኼ ባቡር አይደለም።»

«ባቡር ቢሆንማ ያን መስመር ለመጻፍ ትፈሪ ነበር።»

«እርስዎ እንዳሉት አድርገን ካልተሳካስ?»

«ጠረጴዛዬን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

ታይስ መስመሩን ቀየረችው። «እሺ፣ በራሱ አይነቅልም። እኔ ቁልፍ ስጫን ብቻ።»

ሐሙስ ጠዋት ከደም ባንኩ ሁለት ሴቶች መጡ። ለሙከራ ያዘጋጀነው እንግዳ የለጋሾችን ስም እየመዘገበ ነበር። ኦታሲሊዮ አራት ጊጋ ሜሞሪ ጨመረለት። መልሶ ሲጠይቀው እንግዳው እምቢ አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ እምቢ። ታይስ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

«ልጄ፣ መልስ እኮ መጥቷል» አለ ኦታሲሊዮ ከወንበሩ ሳይነሳ። «አልለቅም ነው ያለው።» ወደ ሴቶቹ ዞረ። «መዝገቡን ይመልከቱ፤ የለጋሾች ስም እየተጻፈ ነው። አሁን በግድ ብነቅል እዚያው ላይ ይቆማል።»

ታይስ ጣቷን አነሳች። እሱ የመጣውን መልእክት ረጋ ብሎ አነበበና ወደ እኔ ዞረ። እንግዳውን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ፤ አዲሱን ሜሞሪ እንደ ራሱ ንብረት እንዲይዘው አዝዤዋለሁ። እንግዳውም የማይነቃነቅ ዕቃውን አስቀምጦበታል።

«በውሰት ነው ማለት ነበረብህ፣ አንተ ሽማግሌ» አለኝ። «ከፍሬን ሌላ መቼም አታውቅ።»

አስተካከልኩት። ሌላ አራት ጊጋ ገባ፣ በውሰት። ኦታሲሊዮ ሲጠይቀው እንግዳው በላዩ የነበረውን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ በሦስት ሰከንድ ለቀቀ። ከመዝገቡ አንድም ስም አልጎደለም።

ከሁለቱ ሴቶች መነጽር ያደረገችው ግን «የመጀመሪያውን እምቢታ ድጋሚ ያሳዩኝ» አለች። አሳያት። ከምሳ በፊት ውሉን ፈረሙ።

ሴቶቹ ሲወጡ ታይስ «ሴኡ ኦታሲሊዮ፣ ያችን ቁልፍ ያጥፉልኝ» አለች።

«የጻፍሻት አንቺ ነሽ» አላትና ወንበሩን ለቀቀላት።

ቁጭ ብላ አጠፋቻት። እሱ ቆሞ ጠበቃት፤ ስትጨርስ ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ፈተነና ሸሚዙን አስተካክሎ ለምሳ ወጣ።