በአንድ ወረቀት ሁለት መንገደኛ

ጎረቤታችን ሰላም እዚሁ ሰቆጣ አስተማሪ ናት። ባለፈው ዓርብ ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ "ጋሽ ሰይድ፣ ከጓደኛዬ ጋር ላሊበላ ደርሰን ልንመጣ ነው። እርስዎ አይተውታል?" አለችኝ።

"አይቼዋለሁ" አልኳት። አልዋሸሁም፤ ግን ሁሉንም አልነገርኳትም። እሷ ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች፤ እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ደከመኝ። በዚህ ዕድሜ አንዳንድ መንገድ ሲያስቡትም ያደክማል።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና ኪሮስ ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እያስተማርን አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ የሰቆጣ እስላም ነጋዴ ልጅ ነኝ፤ እሱ የካህን ልጅ፣ ከዜማ ቤት ወጥቶ የመንግሥት አስተማሪ የሆነ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይከነክነው ነበር። የቆሎ ተማሪ ከመምህሩ ሲለይ እግራቸው ላይ ወድቆ "ይፍቱኝ" ይላል፤ እሳቸውም "እግዚአብሔር ይፍታህ" ብለው መርቀው ይሸኙታል። ኪሮስ ማሠልጠኛ ሲጠራው የኔታ ይከለክሉኛል ብሎ ፈርቶ፣ ሳይሰናበት ጠፍቶ ነው የመጣው። በዚያ ዓመት ሁዳዴ ላይ የኔታ ከላሊበላ በላይ ባለ ደብር በጠና ታመው ተኝተዋል የሚል ወሬ ደረሰው።

"ያችን ቃል ሳልሰማ ከሞቱ እንደታሰርኩ መቅረቴ ነው" አለኝ።

"አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። እውነቱን ለመናገር እኔን የጎተተኝ ከተማው ነበር። ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ የሚያየውን፣ ብርቱ ሰው በአንድ ቀን ከሚደርስበት ቦታ ተቀምጬ አለማየቴ ያሳፍረኝ ነበር።

ያኔ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይያዝ ከወረዳ ወረዳ መሄድ አይታሰብም። ወረቀቱን ለማውጣት የሄድኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ የማኅተማቸው ቀለም ደርቆባቸው በትንፋሻቸው ሲያሟሙቁት አየሁና፣ "ምን ያደክምዎታል፣ ሁለታችንንም በአንዱ ላይ ይጻፉን" አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኔም ነገር ያቀለልኩ መሰለኝ።

ዓርብ ትምህርት እንዳበቃ ተነሣን። ስንቃችን በሶና የሽምብራ ቆሎ ነበር፤ በሶ የሚጾመውንም የማይጾመውንም እኩል ያጠግባል። መጋቢት ነው፤ ምድሩ ደርቋል፣ ነፋሱ አቧራውን ዓይናችን ውስጥ ይሞጅረዋል። እኔ ለከተማ ብዬ አዲስ ሸራ ጫማ አድርጌ ነበር። ያሳደሩን ሴትዮ ኽምጣኛ እንጂ አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ እግሬን አዩና ለኪሮስ አንድ ነገር ነግረውት ሁለቱም ሳቁ።

"ምን አሉህ?"

"ይሄ ልጅ ሠርግ ነው ወይ የሚሄደው አሉ።"

በማግስቱ ሳቁ አለቀ። ተረከዜ ተልጦ ካልሲዬ በደም ራሰ። ኪሮስ ይቀድመኛል፣ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ደግሞ ይቀድመኛል። ብቻውን ቢሆን ቀትር ሳይሆን ይደርስ ነበር፤ ወረቀቱ አንድ ነውና ትቶኝ መሄድ አልቻለም። ላሊበላ የገባነው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። የኔታ ያሉበት ደብር ከዚያ የሁለት ሰዓት ዳገት ነበር። እሑድ ማለዳ ደግሞ ለመመለስ መነሣት አለብን፤ ሰኞ ክፍል ይጠብቀናል።

"ወረቀቱን ስጠኝ" አለ ኪሮስ። "አንተ እዚሁ ከተማ አክስቴ ቤት ዕረፍ። እኔ እዚያው አድሬ ጠዋት መውጫው ላይ እንገናኛለን።"

"እኔስ ያለ ወረቀት ብያዝ?"

"ከቤት አትውጣ።"

"ቤት ለቤት ቢፈትሹስ?"

በዚያው ሰሞን አንድ ባልደረባችን ያለ ወረቀት ተገኝቶ ሁለት ሳምንት ታስሮ ነበር። ፈራሁ። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄን ከላዩ አላነሣሁም። "እግሬ ይዳንና ሌላ ጊዜ አብረን እንመጣለን" አልኩት። ዳገቱ ሥር ኬላ አለ ሲባል ሁለታችንም ሰምተናል። ኪሮስ ወደ ተራራው ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ተወው በቃ" አለ።

በቀረችን ሰዓት አብያተ ክርስቲያናቱን ዞርን። ከዚያ ሁሉ ድንቅ ምን ትዝ ይልሃል ብትሉኝ፣ ጫማዬን አውልቄ ስገባ የቆሰለ እግሬን ያቀዘቀዘልኝ ወለል ነው። ኪሮስ መቃኑ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆሞ ነበር፤ እኔ እግሬን ከዚያ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ማንሣት አላማረኝም። እንዴት እንደተመቸኝ ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

እሑድ ማለዳ ተነሥተን ተመለስን። ፋሲካ ሳይደርስ አንድ ገበያተኛ የየኔታን ማረፍ ነገረው። ኪሮስ "ነፍስ ይማር" አለና የተማሪ ደብተር ማረሙን ቀጠለ። አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። ልጄን ስድር ድንኳን ሊተክል ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። ጡረታም በአንድ ዓመት ወጣን፤ ዛሬም ከሰዓት በኋላ ሱቄ በር ላይ አብረን እንቀመጣለን።

እሑድ አመሻሽ ላይ ሰላም ተመለሰች፤ ድካም የሚባል ፊቷ ላይ የለም። ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቹን አሳየችን። "ጋሽ ኪሮስ፣ በሚቀጥለው እርስዎንም ይዘንዎት ነው የምንሄደው" አለችው።

"እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፤ የእኔ ጉዳይ ያኔ ነበር" አላት። ሳይገባት ስቃ ሄደች።

ብቻችንን ስንቀር አላስቻለኝም።

"ኪሮስ፣ ዐውፍ በለኝ" አልኩት።

"ምን አድርገህ?"

"ያን ወረቀት።"

ብርጭቆው ውስጥ የቀረችውን ሻይ ጨለጣት። "አልተቀየምኩህም። እግርህም ቆስሎ ነበር" አለ። ከዘራውን ይዞ ተነሣ፤ ሁለት እርምጃ ሄደና ዞር አለ።

"ግን ሰይድ፣ ስንሄድም ስንመለስም፣ ያን ወረቀት እስቲ አሳዩን ያለን ሰው አልነበረም እኮ።"

ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ብቻ የማስታውሰው መስሎኝ ነበር።