ሰረዝ ያሰመርሁበት መስመር

በባለቤቴ በአስካለ ላይ መጀመሪያ ያየሁት የሕመም ምልክት ሁለት የግራ እጅጌ የተገጠመለት ሸሚዝ ነው። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ያሳለፈች ሴት ናት። ሸሚዙን ዘርግቼ ሳሳያት «ምን ሆነ? ልክ ነው» አለችኝ። ዐይኗ ደክሞ ነው ብዬ አለፍሁት።

ከወራት በኋላ ከመርሳ ገበያ ሳትመለስ ቀረች። በእግሯ ወደ ውርጌሳ ስትሄድ አንድ የባጃጅ ሹፌር አግኝቶ መለሳት። ለሲቲ ስካን ደሴ ወሰድኋት። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «ዲሜንሺያ ነው፤ የመርሳት ሕመም፣ አልዛይመር የሚባለው ዐይነት ይመስላል። የሚያድን መድኃኒት የለንም፤ ኑሯቸውን የሚያቀልል እንክብካቤ ግን አለ» አለኝ።

ሁለት ዓመት ብቻዬን አስታመምኋት። ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ወልድያ ወደሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ አስገባኋት። በመግቢያዋ ዕለት ስለ ሕይወት ታሪኳ የሚጠይቅ ቅጽ ሰጡኝ። አንዱ መስመር «በልጅነታቸው የሚጠሩበት ስም፣ ያደጉበት ቤት ሥርዓትና ምግብ» ይላል። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ምንጭ አትደብቁ እል የነበርሁ ሰው ነኝ። በዚያ መስመር ላይ ሰረዝ አሰመርሁ።

ቤቱ ያን ጊዜ አዲስ አሠራር ጀምሮ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ታማሚ ሐኪም፣ ነርስ፣ ወጥ ቤት፣ ጽዳት፣ ጥበቃና ቤተ ሰብ በሳምንት አንድ ቀን አብረው ይቀመጣሉ። እኔ ከንቱ ወግ አድርጌ ቆጠርሁት። የጓዳዬን ነገር ለዘበኛ ልነግር?

በሦስተኛው ሳምንት መብላት ተወች። አፏን ገጠመች። እጃችንን ገፋች። ስሟ ሲጠራ አትዞርም። ከሳች። ሰውነቷ ውኃ አጥቶ ደረቀ። ግሉኮስ ተሰቀለላት። ነቀለችው።

በስብሰባው ላይ የቤቱ ሐኪም፣ ወጣት ሴት ናት፣ «በዚህ ከቀጠሉ በአፍንጫ ቱቦ ማስገባት ሊመጣ ነው» አለች። «እንዳይነቅሉት እጃቸው ይታሰራል። ለዚህ ሕመም ብዙም አይረዳም፤ እኔም አልወደውም።»

ወጥ ቤቷን ወይዘሮ አበራሽን አላስቻላትም። «ሥጋውን እኮ አሽትተው ነው የሚገፉት! አርባ ሰው ጣቱን የሚልስበትን ወጥ!»

የጽዳት ሠራተኛዋ ሐዋ አንገቷን እንደ ደፋች ተናገረች። «ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። ትላንት ወለል ሳጥብ ‹ቢስሚላህ ሳትዪ ነው እንዴ የምትጀምሪ?› ብለው ገሠጹኝ። ወላሂ፣ በልቤ ብዬ ነበር!»

ጥበቃው ሳቀ። ማንም አልተከተለውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ነገርኋቸው። አስካለ ውርጌሳ ስትወለድ ዘሃራ ተባለች። ስንጋባ ተጠመቀች። ወገኖቿም ከእሷ ጋር ተቆራረጡ። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ነገሩ በቤታችን እንዳይነሣ ቃል አስገቡኝ። ልጆቻችን እንኳ አያውቁም። በወሎ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት መኖሩ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ የእኔ መደበቅ ነው። ቤት ሳለችም ሥጋ ሳቀርብላት «ማን አረደው?» ትለኝ ነበር። ሽሮ እየሰጠሁ አለፍሁት። ልጆቼ እንዳይቀየሙኝ፣ በቀብሯም ክርክር እንዳይነሣ ፈራሁ። ዝምታዬ እያስራባት ነበር።

ሐኪሟ «መምህር፣ መድኃኒቱን እርስዎ ይዘውት ኖረዋል» አለችኝ።

በዚያው ዕለት፣ በእኔ ፈቃድ፣ ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ወረቀት ተለጠፈ፦ ማንም ሰው ዘሃራ ብሎ እንዲጠራት፣ ከማጉረሱ በፊት ቢስሚላህ ብሎ እስክትደግመው እንዲጠብቅ፣ ሥጋዋም ከሙስሊም ሉካንዳ ተገዝቶ በተለየ ድስት እንዲሠራ፤ «ውርጌሳ ልሄድ ነው» ብላ ወደ በሩ ስትመጣም ጥበቃው ከመከልከል ይልቅ እጇን ይዞ ስለ አገሯ እየጠየቀ ግቢውን እንዲያዞራት። ሥራው ወዲያው አልሠመረም፤ እሑድ ተተክታ የገባች ነርስ ወረቀቱን ሳታነብ በክርስትና ስሟ ጠራቻትና የዚያ ቀን ምሳም እራትም ሳይነካ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ተረኛ ሲቀያየር ወረቀቱ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ወይዘሮ አበራሽ «ድስት ለብቻ፣ ማማሰያ ለብቻ፤ ቀጥሎ ምድጃ ለብቻ ልትሉኝ ነው!» እያለች አጉረመረመች፤ ማማሰያውን በቀይ ክር የለየችው ግን ራሷ ናት። የአስካለ ሰውነት ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ቱቦውም ቀረ። ሕመሙ አልዳነም፤ ይህን ከአንባቢ አልደብቅም። ልጆቼንም በስልክ ነገርኋቸው፤ ትልቋ «አባዬ፣ ታዲያ አጎት አለን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ የምታጎርሳት ሐዋ ባልገባችበት አንድ ቀን የአስካለን ምሳ ይዤ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። በልጅነቴ ለዲቁና የተማርሁ ሰው ነኝ። «ቢስሚላህ» አልሁ። ደገመችው። በላች። ከዚያም በገዛ እጇ ጠቅልላ ወደ አፌ ዘረጋች።

«ይብሉ እንጂ፣ እንግዳው። በአባቴ ቤት እንግዳ ጦሙን አያድርም።»

ሥጋ ነበረበት። ጎረስሁ። በኋላ ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ያሉኝ በእኔና በእሳቸው መካከል ይቀራል።

ሐዋን፣ ወይዘሮ አበራሽን፣ ሐኪሟንና ያን የሳቀ ጥበቃ አመሰግናለሁ። የእናንተ ታማሚ ምግብ ሲገፋ በግድ ከማጉረሳችሁ በፊት ምን እንደሚፈልግ ጠይቁ፤ ወለል የምታጥበዋንም ስሙ፣ ከሐኪሙ ይልቅ ብዙ ሰዓት አብራው ትውላለች። የምታውቁትን ደግሞ ተናገሩ፤ የምትጠብቁት ክብር የእናንተ እንጂ የታማሚው ላይሆን ይችላል። እኔ ቅጹን አስመልሼ ሰረዝ ያሰመርሁበትን ሞላሁት። መስመሩ አልበቃኝም፤ በጀርባው ቀጠልሁ።